ያገለገለ ኤስዩቪ እንዴት መርጬ ገዛሁ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ኤስዩቪ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው እዚሁ ሲነዱ ከኖሩት መካከል ነው። ስለዚህ የቶዮታን ራቭፎር ከኒሳንና ከሂዩንዳይ ጋር ሳወዳድር የምመዝነው ብዙ ያገለገለ ሞተርና ካምቢዮ ነበር፤ «ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» የሚለው ምክር ለዚህ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ራቭፎር በፒስተን ፋሻው (ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዳያልፍ በሚያግደው ቀለበት) ምክንያት ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሟል። ኒሳንም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 ለወጡ ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ላላቸው መኪኖቹ፣ ሮግንና ሙራኖን ጨምሮ፣ እዚያው አሜሪካ ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አድርሶታል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሂዩንዳይ ቱሳን ደግሞ ባለ ሁለት ክላች ካምቢዮው ከቆመበት ሲነሳ ስለሚዘገይ ለማስተካከያ ተጠርቷል።

ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ጋር ማመሳከር ቀላል ነበር። ያንገበገበኝ ምርመራው ነው። መጀመሪያ የወደድኩትን ባለ 2.4 ሊትር መኪና በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ እንዳይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲያቆዩልኝ ተስማምተን ሳለ፣ ደላላው አሙቆት ጠበቀኝ። የጋራዡ ኃላፊ ኮምፒውተር ሰክቶ ችግር የለበትም የሚል ወረቀት ሰጠኝ፤ ዘይት ነክቶት እንደሆነ እንዳይ ካንዴላው ይፈታልኝ ብዬ ስጠይቀው፣ መኪናው ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ ነው ብሎ መለሰኝ። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬንና መብራት የመሳሰለውን ያያል እንጂ ስለ ፒስተን ፋሻ የሚናገረው ነገር የለም። ቶዮታ ለዚህ ችግር ያስቀመጠው መለኪያ እንኳ መኪናው 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ አንድ ሊትር ያህል ዘይት መጉደሉን የሚያይ ነው፤ ታዲያ በጥቂት ደቂቃ የታተመ ወረቀት ምን ሊያረጋግጥ ይችላል? ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ ሲመጣ እንዲህ ማሰናበት ነውር ነው። የምርመራውን ከፍዬ መኪናውን ተውኩት።

ቀጣዩን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ ባለ 2.5 ሊትር ራቭፎር፣ የማምነውን መካኒክ ይዤ በማለዳ ሻጩ ግቢ ሄጄ አየሁት። በቀዝቃዛ ሞተር ተነሳ፤ ዘይት መቃጠሉን የሚያሳየው ሰማያዊ ጭስ አልነበረውም፤ ካንዴላዎቹም ደረቅ ነበሩ። እስካሁን በሁለት ለውጥ መካከል ዘይት ጨምሬበት አላውቅም፤ በምርጫዬም እኮራለሁ።

የካምቢዮ ዘይት መለወጥ አያስፈልገውም የሚሉ የአምራቾች መመሪያዎችን ግን አልቀበልም። በአዲስ አበባ ዳገት፣ አቧራና መጨናነቅ ለሚነዳ መኪና፣ በተለይ ሲቪቲ ከሆነ፣ ከ60,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይለወጥ ባይነዳ እመክራለሁ፤ ሻጩ መቼ እንደተለወጠ የማያውቅ ከሆነም ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱት።