አንዲት ሄደር፣ ሦስት ቅጂ፦ የከርነል ድራይቨራችንን ሄደር በዮክቶ ውስጥ እንዴት መልክ አስያዝኩት

ሥራውን ስረከብ ድራይቨሩ ይሠራ ነበር። አፕሊኬሽኑም ይሠራ ነበር። ጣጣው መሃላቸው ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦርዳችንን ሊኑክስ የምንገነባው በዮክቶ ነው፤ ለአንድ ቦርድ የሚሆን የሊኑክስ ሲስተም ከሶርስ የሚገነባበት ፕሮጀክት ነው። የሴንሰር ንባብ የሚሰበስብ፣ በኤስፒአይ (ቺፖችን የሚያገናኝ የዳታ መስመር) ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝ የኤፍፒጂኤ (ውስጡ በፕሮግራም የሚቀረጽ ቺፕ) ካርድ አለን። ለሱ የተጻፈ የራሳችን የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም በከርነሉ (በሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያዝ ፕሮግራም፣ አለ። በላዩ ደግሞ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አፕሊኬሽን በአይኦክትል (ፕሮግራም ድራይቨርን የሚያዝበት የሊኑክስ ጥሪ) ትእዛዝ ይልካል። ሁለቱ የሚግባቡት በአንዲት ሄደር ፋይል (የጋራ ትርጓሜዎች በሚጻፉባት የሲ ፋይል) ነው። የትእዛዞቹ ቁጥርም ሆነ የስትራክቶቹ (አብረው የሚላኩ የዳታ ፊልዶች ጥቅል) ቅርጽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ይቺ ሄደር አንድ ቦታ አልተቀመጠችም። አንዷ ቅጂ ድራይቨሩ ፎልደር ውስጥ፣ ሌላዋ አፕሊኬሽኑ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ናት። የፓይተን መሞከሪያ ስክሪፕቱ ደግሞ ሄደሯን ከናካቴው አያውቃትም፤ ቁጥሮቹ በእጅ ተገልብጠው ገብተውበታል።

በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ተኑሯል። ጉዱ የወጣው ቦርድ ስንቀይር ነው። የድሮው ቢግልቦን ብላክ ነበር፤ ኮርቴክስ ኤ8፣ 32 ቢት። አዲሱ ባለ አይኤምኤክስ 8ኤም ሚኒ ነው፤ ኮርቴክስ ኤ53፣ 64 ቢት። ከርነሉ 64 ቢት ሆነ። አፕሊኬሽኑ ግን በ32 ቢት ብቻ የሚገኝ፣ ከውጭ የተገዛ ላይብረሪ ስለሚጠቀም በ32 ቢት ቀረ። ስናስነሳው «ኢናፕሮፕሪየት አይኦክትል ፎር ዲቫይስ» አለና ቆመ። የፓይተኑ ስክሪፕትም፣ ራሱ 64 ቢት ሆኖ ሳለ፣ እንደዚያው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው ቦታ ነውና። የአይኦክትል ቁጥር ዝም ብሎ የተሰጠ ተራ ቁጥር አይደለም። 32 ቢቱ ተከፋፍሏል። 8 ቢት ለትእዛዙ ተራ ቁጥር፣ 8 ቢት ለድራይቨሩ መለያ፣ 14 ቢት ለስትራክቱ መጠን፣ 2 ቢት ዳታው ለሚሄድበት አቅጣጫ። በአርም እንዲህ ነው፤ እንደ ፓወርፒሲ ባሉት ላይ 13 እና 3 ይሆናል። ስለዚህ ስትራክቱ ባደገ ወይም ባነሰ ቁጥር የትእዛዙ ቁጥርም አብሮ ይቀየራል። የኛ ስትራክት ውስጥ «ሎንግ» ተብሎ የተጻፈ ፊልድ ነበር። ሎንግ በ32 ቢት አርም 4 ባይት ነው፤ በ64 ቢት 8 ባይት። አፕሊኬሽኑ አንድ ቁጥር ይልካል፣ ድራይቨሩ ሌላ ቁጥር ይጠብቃል። በዚያ ላይ ድራይቨሩ 32 ቢት ፕሮሰስ ከ64 ቢት ከርነል ጋር ሲነጋገር የሚጠራው የኮምፓት መግቢያ ጭራሽ አልተጻፈለትም። እሱ ከሌለ ቁጥሩ ቢገጥምም መልሱ ያው ስሕተት ነው።

እንዲህ ጮኾ የሚሰበር ነገር ግን ደግ ነው። ክፉው ዝም ብሎ የሚበላሸው ነው። የኮሚት ታሪኩን (የኮዱን የለውጥ መዝገብ) ስቆፍር አንድ ጊዜ በድራይቨሩ ቅጂ ውስጥ ሁለት ባለ 4 ባይት ፊልዶች ቦታ ተቀያይረው አገኘሁ፦ የናሙና ፍጥነትና የማጉያ መጠን። መጠኑ ስላልተቀየረ የአይኦክትል ቁጥሩ ያው ነው። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። ከርነሉም ምንም አይልም። ንባቡ ብቻ የማይረባ ይሆናል፤ ሰውም ሴንሰሩን ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል።

ስለዚህ ሄደሯ አንድ ብቻ ትሁን አልኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሲምሊንክ አድርጋትና ተገላገል» አለኝ፤ ወደ ዋናው ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ማለቱ ነው። ይህ ዘዴ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የዮክቶ መገንቢያ መሣሪያ የሆነው ቢትቤክ ግን እያንዳንዱን ሬሲፒ (የአንድ ክፍል አገነባብ የተጻፈበት ፋይል) በየራሱ ፎልደር ነው የሚገነባው፤ ሲምሊንኩ የትም አይደርስም።

ሁለተኛው ሐሳብ ይበልጥ ያጓጓል። ዮክቶ ውስጥ ሊኑክስ-ሊብሲ-ሄደርስ የሚባል ሬሲፒ አለ። ጂሊብሲ (የሲስተሙ ዋና የሲ ላይብረሪ) የሚገነባው በሱ ላይ ነው፤ የቀረው ሁሉ ደግሞ በጂሊብሲ ላይ። ሄደራችንን እዚያ ብንጨምራት ለሁሉም ትታያለች። ግን አንዲት ፊልድ በነካችሁ ቁጥር ቢትቤክ ከጂሊብሲ ጀምሮ ሙሉ ሲስተሙን እንደ አዲስ ሊገነባ ይነሳል። ከሰዓቱ አለቀ ማለት ነው፤ መብራት ከሄደማ ቀኑም። የሬሲፒው ፋይል ራሱ ውስጥ ረጅም ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፦ ለአንድ ቦርድ ብላችሁ ይህን አትንኩ ይላል። ምክንያቱም ያሳምናል። እነዚያ ሄደሮች የሲ ላይብረሪው ናቸው፤ ለሁሉም ቦርድ የጋራ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛው መንገድ አፕሊኬሽኑን በቀጥታ ወደ ከርነሉ ሶርስ ማመልከት ነው። ዮክቶ የከርነሉን ሶርስ የጋራ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ይቻላል። ግን ያልተጣራ ሄደር ነው የምታገኙት። ለከርነሉ ውስጥ ብቻ የተጻፉ ነገሮች ከጂሊብሲ ሄደሮች ጋር ይጋጫሉ። አፕሊኬሽኑም ከቦርዱ ጋር ይጣበቃል፤ ከርነሉ በተነካ ቁጥር እሱም ይገነባል። ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ የሚኬድበት መንገድ ይመስለኛል።

እኔ የመረጥኩት እንዲህ ነው። የሄደሯ ቤት የድራይቨሩ ሪፖ ሆነ፤ እዚያው ውስጥ «ዩኤፒአይ» የሚል ፎልደር ከፈትኩላት። ሊኑክስ ራሱ ከ3.7 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ ወዲህ፣ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሚወጡትን ሄደሮች በዚህ ስም ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለት ሬሲፒ ጻፍኩ። አንዱ ሞጁሉን (ድራይቨሩን) ይገነባል። ሌላው ምንም ኮምፓይል አያደርግም፤ ሄደሯን ብቻ ወደ ኢንክሉድ ፎልደር፣ በድርጅታችን ስም በተከፈተ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ይጭናታል። ሁለቱም የሚይዙት የኮሚት ቁጥር በአንድ የጋራ ኢንክ ፋይል (ሁለቱም ሬሲፒዎች በሚያካትቱት) ውስጥ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ሞጁሉ አንድ ኮሚት፣ ሄደሯ ሌላ ኮሚት ላይ የሚሆኑበት ዕድል የለም።

አፕሊኬሽኑ ሪፖ ውስጥ የነበረችውን ቅጂ ሰርዤ የሄደር ሬሲፒውን በአፕሊኬሽኑ ሬሲፒ ዲፔንድስ (የጥገኝነት ዝርዝር) ውስጥ አስገባሁ። ከዮክቶ 2.3 ጀምሮ እያንዳንዱ ሬሲፒ የራሱ ሲስሩት (ሲገነባ የሚያያቸው ሄደሮችና ላይብረሪዎች ያሉበት ፎልደር) አለው። ያላሳወቃችሁትን ጥገኝነት በአጋጣሚ አያሳያችሁም፤ ቢልዱ እዚያው ይወድቃል። መጀመሪያ ያናድዳል። በኋላ ግን የተረሳ ነገር በሙሉ ያወጣላችኋል።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ሄደር ብቻ የሚጭን ሬሲፒ ዋናው ፓኬጁ ባዶ ነው፤ ይዘቱ በሙሉ «ዴቭ» በሚለው ፓኬጅ ውስጥ ይገባል። ዮክቶ ባዶ ፓኬጅ አያወጣም። የዴቭ ፓኬጁ ግን በነባሪ ዋናው ላይ ጥገኛ ነው። በዚህ ምክንያት አፕሊኬሽኑ በሰላም ይገነባል፣ ኤስዲኬ (ለአፕሊኬሽን ጸሐፊዎች የሚሰጥ የመሣሪያ ጥቅል) ስትሠሩ ግን ያልተገኘ ፓኬጅ አለ ብሎ ይወድቃል። መፍትሔው በሬሲፒው ላይ አላው-ኤምፕቲን (ፓኬጁ ባዶም ቢሆን ይውጣ የሚለውን) 1 ማድረግ ነው። በተጨማሪ ፓኬጁ ኢሜጁ (ቦርዱ ላይ የሚጫነው ሲስተም) ውስጥ ስለማይገባ ኤስዲኬው በራሱ አያነሳውም፤ በቱልቼይን-ታርጌት-ታስክ ስሙን ጠርታችሁ ማስገባት አለባችሁ። አፕሊኬሽኑን የሚጽፉት ልጆች ቢትቤክን ነክተውት አያውቁም፤ የሚሠሩት በኤስዲኬው ነው። እነሱ ጋ ካልደረሰ ነገ አራተኛ ቅጂ ይፈጠራል።

ከዚያ ወደ ሄደሯ ይዘት ገባሁ። ሎንግ ወጣ። ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ወጣ። በምትኩ የከርነሉ ባለ ቋሚ መጠን ዓይነቶች ገቡ፤ 64 ቢት የሆኑት ደግሞ አላይንመንታቸው (በሜሞሪ ላይ የሚያርፉበት ድንበር) በግልጽ የተጻፈው። በኢንቴል 32 ቢት ባለ 8 ባይት ቁጥር በ4 ባይት ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአርም በ8 ላይ ነው። ዛሬ ኢንቴል ባንጠቀምም ይህን ለዕድል አልተውም። በፊልዶቹ መሃል የሚቀሩትን ክፍት ቦታዎች ስም ባላቸው ፊልዶች ሞላኋቸው፤ ድራይቨሩም ዜሮ ካልሆኑ ትእዛዙን ይመልሳል። ስም የሌለው ክፍተት የከርነል ሜሞሪ ቅሪት ወደ ውጭ ሊያፈስ ይችላል። ክፍተቶቹን ለማየት ፓሆል የሚባለው መሣሪያ ግሩም ነው።

የሰዓት ፊልዱ ለብቻው ቢወራለት አይበዛበትም። ታይምስፔክ (የሲ የሰዓት ስትራክት) ነበር። ጂሊብሲ ከ2.34 ጀምሮ በ32 ቢት ላይ 64 ቢት ሰዓት ያስመርጣል። አፕሊኬሽኑ ያንን ባበራ ቀን ስትራክቱ ያድጋል፤ ቁጥሩም እንደገና ይዛነፋል። በ64 ቢት ናኖሰከንድ ተካሁት። የ2038ም ጉዳይ (32 ቢት ሰዓት ሞልቶ የሚያልቅበት ዓመት) አብሮ ተዘጋ።

ሄደሯ አሁን የምትጠራው የከርነሉን ሁለት ሄደሮች ብቻ ነው፦ ታይፕስንና አይኦክትልን። ከርነሉ ውስጥ ያለች ሄደር ብትሆን ሄደርስ-ኢንስቶል የሚባለው ትእዛዝ ለከርነል ብቻ የሆነውን እየቆረጠ ያጠራት ነበር። ከከርነሉ ሶርስ ውጭ ላለ ድራይቨር ግን የሚያጠራ የለም፤ ከመጀመሪያው ንጹሕ አድርጎ መጻፍ ግድ ነው። ስትራክቶቹ ቅርጻቸው ቋሚ ስለሆነ የኮምፓት መግቢያውም ቀለለ። ከርነሉ ያዘጋጀውን ኮምፓት-ፒቲአር-አይኦክትልን ማስገባት በቂ ነው፤ የመተርጎሚያ ኮድ አያስፈልግም።

ለመጠኖቹ ደግሞ አንዲት ትንሽ የሲ ፋይል ጻፍኩ። የእያንዳንዱን ስትራክት መጠንና የየፊልዱን ቦታ በስታቲክ-አሰርት (ኮምፓይል ሲደረግ በሚሠራ ፍተሻ) ትፈትሻለች። ቢልዱ በ32ም በ64ም ቢት ኮምፓይል ያደርጋታል፤ መሮጥ አያስፈልጋትም። ያ የተቀያየሩ ፊልዶች ታሪክ ዛሬ ቢደገም ቦርዱ ላይ ሳይደርስ እዚሁ ይያዛል።

የፓይተኑ ስክሪፕት በእጅ የተገለበጡ ቁጥሮቹን ጥሏል። ሄደሯን የምታካትት አነስተኛ የሲ ላይብረሪ ሠርቼለት በሲታይፕስ (ፓይተን የሲ ላይብረሪ በሚጠራበት መሣሪያ) ይጠራታል። ቀሪው ሥራ አሮጌዎቹ ቢግልቦኖች ናቸው። እነሱ ላይ ያለው የድሮ አፕሊኬሽን የድሮውን ስትራክት ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አዲሶቹን ትእዛዞች በአዲስ ተራ ቁጥር አስገባሁ፤ የድሮዎቹም የመጨረሻው ቢግልቦን ከመስክ እስኪመለስ ድረስ ድራይቨሩ ውስጥ ይቆያሉ።