መብራት ላይ ዜሮ ማርሽ ፍለጋ

መኪና ላይ ዜሮ ማርሽ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ሰፊ ስፍራ አለው፤ ዘንጉን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ያደረገ ሰው በእጁ ያውቀዋል። ሞተር ሳይክል ላይ ግን በአንደኛና በሁለተኛ መካከል የተሸጎጠ ግማሽ እርምጃ ነው። የግራ እግር ጣት ትንሽ ከበረታ ሁለተኛ ይገባል፣ ትንሽ ከሰነፈ እዚያው አንደኛ ላይ ይቀራል። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የማርሽ ፔዳሉን ላይ ታች፣ ላይ ታች የሚያደርግ ነጂ የሚበዛው ለዚህ ነው። ዜሮ መግባቱን የምታሳየው አረንጓዴዋ የ«ኤን» መብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ እሺ የምትለው የትራፊክ መብራቱ ቆጣሪ ሦስት፣ ሁለት ሲል ነው።

ለማስታወሻ የማስቀምጠው ነገር አንድ ነው፤ ዜሮ ማርሽ የሚጠፋብን መብራቱ ጋ ከመድረሳችን ሃያ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ነጂው በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ይመጣል፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን በግራ እጅ ያለውን እጀታ) ይይዛል፣ ፍሬን ይዞ ይቆማል፣ ከዚያ ማርሽ መቀነስ ይጀምራል። ጎማው ቆሟል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ደግሞ የቆመ ጎማ አይወድም።

ምክንያቱ ውስጡ ነው። የማርሾቹ ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው፣ ማርሽ ሲቀየር አይላቀቁም። ማርሽ ገባ የምንለው በአንዱ ጎን ላይ ያሉት ጉጦች በጎረቤቱ ጎን ባሉት ክፍተቶች ውስጥ ሲሰኩ ነው። ዘንጎቹ እየዞሩ ከሆነ ጉጡ ክፍተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ጎማው ቆሞ ፍሪሲዮንም ከተያዘ ግን ጉጥ ከጉጥ ፊት ለፊት ተፋጦ ሊቀር ይችላል፣ ፔዳሉም አልታዘዝ ይላል። በዚያች ሰዓት በጫማ መርገጥ ማርሹን አያስገባም፤ ማርሾቹን የሚገፉትን ሹካዎች ግን ሊያጣምም ይችላል። ሹካዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ከበሮ ጫፉ ላይ ኮከብ የመሰለ ብረት አለው፤ በሞላ የተወጠረ ትንሽ ክንድ በኮከቡ ጎድጓዶች ውስጥ እየተንከባለለ ይቀመጣል። የማርሾቹ ጎድጓድ ጥልቅ ነው፣ የዜሮው ግን ሆን ተብሎ ትንሽ ተደርጓል፤ ያለዚያ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስንቀይር በየጊዜው ዜሮ ላይ እንቀር ነበር። ለመንዳት የተመቸው ነገር ለመቆም ያስቸግራል ማለት ነው።

ስለዚህ እየተንከባለሉ ነው መቀነስ። ጋዝ ይለቀቃል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ማርሹ አንድ በአንድ ይወርዳል። በአንዴ ሦስት ጊዜ መርገጥ የለም፤ በየመሃሉ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ሁለተኛ ላይ ተደርሶ ፍጥነቱ የእግረኛ እርምጃ ሲያህል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከሁለተኛ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ታች በመጫን ዜሮውን መያዝ ነው፤ ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው፣ ምክንያቱም የእግር ክብደትን መመጠን ጣትን ወደ ላይ ከማንሳት ይቀላል። ሌላው አንደኛ አስገብቶ መቆምና ኋላ በግማሽ ማንሳት ነው። እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እጽፈዋለሁ።

ቆሞ አልወጣም ካለ የሚሠራው ዘዴ ይኸው፤ የኋላ ፍሬን ተይዞ ፍሪሲዮኑ ሳይክሉ ወደ ፊት ሳብ ማለት እስኪጀምር ብቻ ትንሽ ይለቀቃል፣ ወዲያው ተመልሶ ይያዛል፣ በዚያች ቅጽበት ፔዳሉ በጣት ጫፍ ይነሳል። ሳብ ስትል ዘንጉ በትንሹ ይዞራል፣ ተጣብቀው የነበሩት ጉጦችም ጫናቸው ይቀላል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ ሳይክሉን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ወደ ኋላ እየነቀነቁ ማንሳት በቂ ነው። ተመሳሳዩ ነገር ከዜሮ ወደ አንደኛ አልገባ ሲልም ይሠራል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ እንደገና መያዝ። አንደኛ ሲገባ «ቋ!» የሚል ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮን ከያዙ በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ይበቃል፣ የሚሽከረከረው ዘንግ እስኪረጋጋ።

አንደኛ ላይ ሆኖ መቆምን የምመርጠው ከኋላ በሚመጣው ምክንያት ነው። ሚኒባስ ከኋላ እየከነፈ ሲመጣና ፍሬኑን ሲያዘገይ፣ ዜሮ ላይ ያለ ነጂ ፍሪሲዮን ይዞ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ለቅቆ እስኪወጣ ጊዜው አልፏል። አንደኛ ላይ ከሆነ ግን የቀረው ጣቱን መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ (የኋላ መብራቱም ስለሚበራ)፣ የሳይክሉ ፊት በሁለት መኪና መካከል ወዳለው ክፍተት ዞሮ፣ ዓይን መስታወት ላይ። ከኋላ ሁለት መኪና ቆሞ ከታየ፣ ቆጣሪውም ገና ከስልሳ በላይ ከሆነ፣ ያኔ ዜሮ። አሥር ሲቀረው እንደገና አንደኛ። ፍሪሲዮን ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት እጅን ያደክማል፣ ካቦውን (የፍሪሲዮኑን ገመድ) እና የሚገፋውን ኩሽኔታ ሥራ ላይ ያቆያል፤ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ግን በአንድ መብራት አይቃጠልም። የሚያቃጥለው በግማሽ ለቅቆ ዳገት ላይ ሳይክሉን በጋዝ አንጠልጥሎ ማቆም ነው። ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ይህ በየመብራቱ ይታያል። ዳገት ላይ የሚይዘው የኋላ ፍሬን ነው፣ ቀኝ እጅ ለጋዝ ነፃ ይሁን።

ሳይክሉን አቁሞ መሄድ ሲሆን ዜሮ አይደለም። ሞተር ሳይክል የእጅ ፍሬን ስለሌለው አንደኛ ላይ ይጠፋል፤ አፍንጫው ወደ ዳገቱ ይዞራል፤ ፍሪሲዮኑ ተለቅቆ ማርሹ ክብደቱን እስኪይዝ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ይደረጋል፤ ከዚያ ነው የጎን ማቆሚያው። ወደ ቁልቁለት ካፈጠጠ ማቆሚያው ሊታጠፍ ይችላል።

ሁሉም ሞተር ሳይክል አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ የካዋሳኪ ሞተር ሳይክሎች ካምቢዮ ውስጥ ትናንሽ የብረት ቢሊያዎች አሏቸው፤ ጎማው ሲዞር ቢሊያዎቹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፣ ሲቆም ግን የላይኛዋ ወደ ውስጥ ወድቃ ወደ ሁለተኛ የሚወስደውን መንገድ ትዘጋለች። ቆመው ከአንደኛ ቢያነሱት ዜሮ ላይ ይቀራል፣ አያልፍም። ባትሪ ሞቶ በግፊ ለማስነሳት ሁለተኛ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ እያንከባለለ መሆን አለበት። አራት ማርሽ ያላቸው አንዳንድ ትናንሽ ሳይክሎች ደግሞ ዜሮው ጫፍ ላይ ነው፣ ማርሹ ሁሉ በጣት ወደ ታች እየተረገጠ ይጨምራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ነጂ ለመቀነስ ብሎ ሊጨምር ስለሚችል፣ ከመነሳቱ በፊት ቅደም ተከተሉን ቢጠይቅ አያፍርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እምቢ ካለ ጥፋቱ የእግር አይደለም፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንደኛ አስገብተው እጀታውን እስከ መጨረሻው ይዘውም ሳይክሉ ወደ ፊት መሳቡን አይተውም። መጀመሪያ የሚታየው የካቦው ልቅነት ነው፤ በእጀታው ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ጨዋታ ለብዙ ትናንሽ ሳይክሎች ይስማማል። ከበዛ አይለቅም፣ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይነካ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር)፤ 1,400 አካባቢ መሆን ያለበት 2,000 ከዞረ ማርሹ ሁሉ ይንኳኳል። ከዚያ ዘይት። ያረጀ ወይም ከታዘዘው በላይ የወፈረ ዘይት ጠዋት ጠዋት የፍሪሲዮን ዲስኮችን ያጣብቃል፤ መመሪያው 10ደብሊው-40 ካለ 20ደብሊው-50 ማድረግ አያስፈልግም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይፈለጋል (ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት መለያ ነው፣ ከግድግዳው ጃሶ ጋር አይገናኝም)፣ ሰበቃን ለመቀነስ የተሠራ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታልና። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልሆነ ተከፍቶ መታየት ያለበት የዲስኮቹ ቤት ነው፤ ዲስኮቹ እየመቱ በቤቱ ጣት መሰል ብረቶች ላይ ቦይ ከቆፈሩ እዚያ እየተያዙ አይለያዩም።

አረንጓዴዋን መብራትም ሙሉ በሙሉ አላምናትም። የምትበራው ከበሮው ጋ ባለች ትንሽ ማብሪያ ነው፣ ማብሪያዋ ሲቆሽሽ ወይም ሽቦው ሲላላ ትዋሻለች። በርታም ቢሆን ፍሪሲዮኑ የሚለቀቀው የፊት ፍሬን ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ ነው።