የመምህሩ ደመወዝ ኪስ እስኪገባ

ስለ መምህራን ደመወዝ ክርክር ሲነሳ የሚጠራው ያልተጣራው፣ ማለትም ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት ነው። የወር 9,000 ብር እንውሰድ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300፣ ከዚያ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ የቀረው 2,000 በ25 በመቶ 500፤ በድምሩ 1,400። (ብዙዎች 25 በመቶውን በሙሉው ላይ አስልተው ይሳሳታሉ።) ጡረታው 7 በመቶ ከጠቅላላው ስለሚቆረጥ 630 ይሆናል። እጅ የሚገባው 6,970 ብር ነው። የቤት ኪራይ ገና አልተከፈለም።

የፋብሪካ ሠራተኛው ደግሞ ይብስበታል። ሥራ ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ እያለ ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለት ከባድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከተው የደመወዝ ቦርድ ጉዳይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ቢጠቅስም፣ የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወጣለት ዓመታት አልፈዋል። ይህ መዘግየት ያሳዝናል።