ሐረጎ ላይ ቀልቤን የያዘችልኝ እመብርሃን

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ተስዬ ስለነበር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ርቀቱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ጥምዝምዙ አያልቅም። የጫነ ተሳቢ እዚያ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው።

ነሐሴ ነበር። እማዬ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፤ ጎረቤታችን ከኋላ ደግፋት ተቀምጣለች። ከቤት ስንወጣ የጸለይኩት አንድ ነገር ነው፦ «እመብርሃን፣ ቀልቤን ያዥልኝ።» ቀልቡን የሳተ ሹፌር መኪናው ምን ደህና ቢሆን አያድነውም።

ሐረጎን ስንጀምር ጉሙ ወረደ። ከፊቴ ተሳቢ፣ ከኋላዬ ክላክሱን የማይለቅ ሚኒባስ። ከተሳቢው ራቅ ብዬ ነው የምከተለው፤ ከተጠጋህ ከጭነቱ በቀር የምታየው የለም፣ ወደ ኋላ ቢንሸራተትም መሸሻ ታጣለህ። ቀጠሮው ደርሷል። እማዬ ማቃሰት ጀመረች። ይሄኔ የተሳቢው ረዳት እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» አለኝ።

ረዳቱ ክፉ አላሰበም፤ ግን ከኩርባው ወዲያ ያለውን እሱስ በምን ያየዋል? በሰዓት 60 የሚመጣ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይበላል፣ ያን ሁሉ ተሳቢ ደርቦ እስኪገቡ ደግሞ ስንት ሰከንድ ይፈጃል። ይህን ያኔ ቁጭ ብዬ አላሰላሁትም። ልቤ ዝም ብሎ ረጋ፤ ክላክሱ ራሱ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ መሰለኝ። አልወጣሁም።

ወዲያው አንድ አይሱዙ መብራት እንኳ ሳያበራ ከጉሙ ውስጥ ቁልቁል እየበረረ መጣ። ነፋሱ መኪናችንን ናጣት። እማዬ «እመቤቴ!»፣ ጎረቤታችን «ያ ረቢ!» አሉ እኩል። የሚኒባሱም ክላክስ ጸጥ አለ።

ከፍ ብሎ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ተሳቢው ዳር ያዘ። ረዳቱ ወርዶ «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ አተረፋችሁ» አለኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ደሴ ስንደርስ ቀጠሮው አልፎ ነበር። ነርሷ ግን የእማዬን ፊት አይታ አስገባችን። ዛሬ እማዬ በራሷ እግር ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። እግዚአብሔር ከፈቀደ መስከረም 21 ግሸን ወጥተን ስለታችንን እናገባለን። ክብር ለልዑል እግዚአብሔር፣ ምስጋና ለእናቱ ለድንግል ማርያም።