ማሰሪያና ማዘያ

ልጃችን የግራ ዳሌዋ መገጣጠሚያ በሚገባ አልተቀመጠም ተብላ ሕክምና ከጀመረች ወዲህ፣ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ እንዴት አድርጋችሁ ታዝሏታላችሁ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፋበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድም ልጅን ከገላ አጣብቆ መያዝን ግድ ይላል። ማዘል ከቀረ እናት ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሥራም አትደርስም። ስለዚህ ከሐኪሙ የሰማሁትን፣ ከእናቴ ያየሁትንና በየቀኑ ልጄን ሳዝል የማስተውለውን እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ።

ልጃችን የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ሴት ናት፣ በማሕፀን ሳለችም በመቀመጫዋ ነበር የተቀመጠችው። ሐኪሙ እነዚህን ሦስቱን ሲሰማ፣ ሕመሙ አዘውትሮ የሚታየው እንዲህ ባሉ ሕፃናት ላይ መሆኑን ነግሮን በጥንቃቄ መረመራት። ጉልበቶቿን አጥፎ ጭኖቿን በቀስታ ወደ ውጭ ሲከፍት፣ በግራ በኩል የጭኗ አጥንት ራስ ወጥቶ ከነበረበት ተመልሶ ወደ ዳሌዋ ጎድጓዳ ሲገባ በጣቶቹ ተሰማው። ጣሊያናዊው ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቀው ይህ ምርመራ ከሠለጠነ እጅና ከማትነጫነጭ ሕፃን በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ ራጅ ብዙ አያሳይምና አልትራሳውንድ ታዘዘልን፤ ጎድጓዳው ጥልቀት አንሶት፣ ጣሪያውም ዘምሞ ተገኘ።

የታዘዘልን ማሰሪያ በፈለሰፈው በቼኩ የአጥንት ሐኪም በአርኖልድ ፓቭሊክ ስም የሚጠራ ነው። በደረት ዙሪያ የሚዞር ቀበቶ፣ በትከሻ የሚያልፉ ሁለት ማንገቻዎችና እስከ እግር የሚወርዱ ጠፍሮች አሉት፤ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ጭኗ ወደ ጎን ተከፍቶ እንደ እንቁራሪት እንድትሆን ያደርጋታል። ከእርሱ በፊት የተለመደው ሕክምና እግርን በኃይል ከፍቶ በግትር ነገር ማሰር ስለ ነበር፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም እየታወከ ብዙ ሕፃናት ይጎዱ ነበር። ፓቭሊክ ግን ሕፃኑን እግሩን ከማቅናትና ከመግጠም ብቻ ከልክሎ፣ በቀረው እንደ ልቡ እንዲራገጥ ተወው። መራገጡ ራሱ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ጎድጓዳውም የአጥንቱን ራስ እንዳቀፈ እየጠለቀ ያድጋል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ስለ ማዘያ የሚነገረኝ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ማዘያ አያክምም፤ የሚጠበቅበት ማሰሪያው የሚሠራውን ሥራ አለማፍረስ ብቻ ነው።

እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ከቦሩ ሜዳ መጥታ ከእኛ ጋር ሰንብታለች። እርሷ ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው ገላቸውን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ እጅና እግራቸውን እየሳበች አሽታ፣ በመጨረሻም ሁለቱን እግር አጋጥማ ቀጥ አድርጋ በመጠቅለል ነው፤ እንዲህ ካልተደረገ እግር ይንሻፈፋል ብላ ታምናለች። በዚያው በእናቴ ቤት ግን ግድግዳ ላይ ዛጎል ጣል ጣል ያለበት፣ አያቴ ልጆቻቸውን ያዘሉበት አንቀልባ ተሰቅሎ ይኖራል። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ጭኖቹ የአዛዩን ወገብ ግራና ቀኝ አቅፈው፣ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ማሰሪያው የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቀን ቀን ለዳሌ የሚበጀውን፣ ማታ ማታ ደግሞ ለዳሌ የማይበጀውን ሲያደርግ ኖሯል ማለት ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ባህላችን ሁሉን ቀድሞ ያውቅ ነበር» ሲሉኝ በሙሉ ልብ አዎን ማለት የሚያቅተኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አራስን እግሩን አቅንቶ መጠቅለል እንዲቀር ሰፊ ዘመቻ ከተካሄደ በኋላ የሕመሙ መጠን በእጅጉ ወርዷል። በሰሜን አሜሪካ በናቫሆ ነባር ሕዝብ ዘንድ፣ ሕፃናት እግራቸው ተዘርግቶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይታሰሩ በነበረበት ዘመን ሕመሙ የበዛ ነበር። ሕፃናት በጀርባ በሚታዘሉባቸው የአፍሪካ አገሮች ግን እምብዛም አይታይም፤ በማላዊ የሠሩ የአጥንት ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት ማዘሉ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። እምብዛም አይታይም ማለት አይኖርም ማለት አይደለም፤ የእኛዋ ምስክር ናት።

እናቴን ያሳመናት ግን የጃፓን ወሬ አይደለም። አንድ ቀን አብራን ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ማሰሪያው ልጅቷን ሸፋፋ እንደሚያደርጋት አጥብቃ ስትከራከር፣ ሐኪሙ በትዕግሥት አዳምጦ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሲያዝሉ ጭኑ ወዴት ይሆናል?» አላት። «ወገቤን አቅፎ ነዋ! ሌላ ወዴት ይሆናል?» አለች። «እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው፤ ስትተኛም እንደታዘለች ትሁን» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጠቅለሉ ክርክር ከቤታችን ወጣ፤ እንዲያውም ጠያቂ ሁሉ እግሯን እንዳያቀናት ዘብ የምትቆመው እናቴ ሆነች።

ችግር የገጠመን ከሱቅ በተገዛው ማዘያ ነው። አንዲት ዘመዳችን በስጦታ ያመጣችልን፣ ከፊት የሚታሰር፣ ወገብ ላይ የሚቆለፍ፣ ልጅን ፊቷን ወደ መንገድ አዙሮ የሚይዝ ነበር። ለዓይን ያምራል፤ መቀመጫው ግን ከአንድ መዳፍ እምብዛም አይሰፋም። ልጅቷ በዚያ ላይ ስትቀመጥ ክብደቷ በብልቷ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ጨርቅ ላይ ያርፋል፣ ጭኖቿም ድጋፍ አጥተው ቀጥ ብለው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ሐኪሙ ጤነኛ ልጅን ይህ ያሳምመዋል አላለንም፤ በሕክምና ላይ ላለች ልጅ ግን እንደማይሆን ሳያቅማማ ነገረን። በዳሌ ሕመም ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የሂፕ ዲስፕላዢያ ተቋምም ሕፃናት ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ፊታቸው ወደ አዛዩ ዞሮ፣ ጭናቸው እስከ ጉልበት ተደግፎ እንዲያዙ ይመክራል። ማዘያ ሲገዛ ሰው የሚያየው ስሙንና ቀለሙን ነው፤ እኔ አሁን መጀመሪያ የምለካው የመቀመጫውን ስፋት ነው።

አንገቷ እስኪጠና ድረስ የተፈቀደልን ከፊት፣ ደረት ለደረት ማዘል ብቻ ነበር። ለዚህ የተጠቀምሁት ረጅምና ሰፋ ያለ የጥጥ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ጨርቁን ወገቤ ላይ አዙሬ በትከሻዬ አሳልፈዋለሁ፤ ከዚያ ልጅቷን ከላይ አስገብቼ መቀመጫዋን በእጄ ደግፌ ጨርቁን ከሥሯ እዘረጋለሁ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ የጨርቁ ጠርዝ ከአንዱ ጉልበት ጓዳ እስከ ሌላው ጉልበት ጓዳ መድረስ አለበት። አውራ ጣቴን ከጉልበቷ በታች አስገብቼ እዳብሳለሁ፤ ጨርቁ ከጭኗ መሐል ቀርቶ ከሆነ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ጉልበቶቿ ከመቀመጫዋ ጥቂት ከፍ ብለው መታየት ይኖርባቸዋል፤ ይህ ግን ጨርቁን በማጥበቅ ወይም ጭኗን በመጫን አይመጣም፣ ከማሰሪያው ልክ በላይ ማጠፍም ሆነ መክፈት የነርቭና የደም ሥር ጉዳት ያመጣልና። አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይጣበቅ፣ አፍንጫዋም ጋቢ ውስጥ እንዳይቀበር ዝቅ ብዬ ግንባሯን ለመሳም በምደርስበት ከፍታ አስራታለሁ። የማሰሪያውን ጠፍሮች ግን አልነካም፤ እያደገች ስትሄድ የሚያስረዝማቸው ሐኪሙ ነው።

ከማዘሉ ይልቅ ያስቸገረን ብርዱ ነው። ኮምቦልቻ ብንሆን ኖሮ በስስ ቀሚስ ትውል ነበር፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያገኙት ሙቀት ሌላ ነው። እዚህ ግን ልጅ ይደራረብበታል፣ የተደራረበው ልብስ ደግሞ እግርን ይገጥማል። መፍትሔው ከማሰሪያው ሥር ስስ ካናቴራና ረጅም ካልሲ፣ ከላይ እግሩ ሰፊ የሆነ ልብስ ማድረግ ሆነ፤ ጋቢውም እኔንና እርሷን አንድ ላይ ከውጭ ይሸፍነናል እንጂ እርሷን ለብቻዋ አይጠቀልላትም። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥም ሳልፈታት ደረቴ ላይ እንዳለች እቀመጣለሁ። ዳይፐር ሲቀየር ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ይዞ ወደ ላይ ማንሣት ቀርቷል፤ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር ገብቶ ነው የሚያነሣት። ማታ ማታ ጉልበቷ ጓዳና ብሽሽቷ ላይ መቅላት መኖሩን በፋኖስ አያለሁ (መብራት ያለበት ምሽት ይህ ቀላል ነው)። እግሯን እንደ ወትሮው መራገጧንም አያለሁ፤ ጉልበቷን መዘርጋት ካቆመች ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ እንዳለብን በጥብቅ ተነግሮናል።

የሰው አፍ ግን አይቀሬ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጅቷን በማሰሪያዋ ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥና «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል፤ ግን ምን በደለች ብላችሁ ነው?» ትለኛለች። ለደግ አስባ መሆኑን ስለማውቅ አልከፋባትም። ልጅቷ ደረቴ ላይ ሆና ስታያት ግን ምንም አትልም፤ በጨርቅ ውስጥ ያለው አቀማመጥ ማሰሪያው ውስጥ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ያሳዝናል፣ ሌላው ያስደስታል። በማሰሪያ ሕክምና የሚታገሡት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መሆኑን፣ ይህ ካልተደረገ ደግሞ በኋላ ጀሶና ቀዶ ሕክምና ሊከተል፣ ከፍ ስትልም ስታነክስ ልትኖር እንደምትችል ሳስረዳት ለጥቂት ጊዜ ዝም ትላለች፤ በሌላ ቀን እንደገና ትጠይቀኛለች።

በቅርቡ በተደረገላት አልትራሳውንድ የጎድጓዳው ማዕዘን ለበሰለ መገጣጠሚያ የሚጠበቀውን 60 ዲግሪ አልፏል። ሐኪሙ ማሰሪያው ቀን ቀን ለተወሰነ ሰዓት እንዲፈታ፣ ማታ ግን እንዲቀጥል አዟል፤ ስድስት ወር ሲሞላት ራጅ ትነሣለች፣ ክትትሉም በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ ይቀጥላል። ማሰሪያው በሚፈታባቸው ሰዓቶች የማዘሉ ሥርዓት እንዳለ ነው፤ አንገቷም ስለጠና አሁን በጀርባ ማዘል ተፈቅዶልናል። እናቴ አንቀልባውን ከግድግዳ አውርዳ አምጥታልናለች። ቆዳው ለአሁኑ ቁመቷ ከጉልበት ጓዳ እስከ ጉልበት ጓዳ ይደርሳል፤ እያደገች ስትሄድ ግን ጠርዙ ወደ መቀመጫዋ ስለሚሸሽ፣ በግራና በቀኙ ቆዳ መጨመር ይቻል እንደሆነ ቆዳ የሚሠራ ሰው እየጠየቅሁ ነው።