ሬዲዮ፦ አለ

ጧት መኪና ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሾፌሩና እኔ የምንፈርምባት አንድ ገጽ ቅጽ ነበረችን። ዘይት፣ ውሃ፣ ፍሬን፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ሬዲዮ። ከእያንዳንዱ ጎን «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ደብረ ማርቆስ ስምሪት ክፍል በሠራሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን እንደፈረምኩ አላውቅም። አንዷን ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤታችን ሦስት ሃርድቶፕ መኪኖች ነበሩት። ሥራችን ክትባትና መድኃኒት ወደ ገጠር ማድረስ ስለነበር አስፋልት ላይ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ በቢቸና አድርጎ መርጡለ ማርያም ይሄዳል፣ አንዱ ፈረስ ቤት ይወጣል፣ አንዱ ደግሞ በረቡዕ ገበያ በኩል ጮቄን አቋርጦ ድጎ ጽዮን ይወርዳል። ሞባይል ስልክ ያን ጊዜ ከማርቆስ ትንሽ ራቅ ሲሉ ጭጭ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ላይ ኮዳን የሚባል የመነጋገሪያ ሬዲዮ ተገጥሞ ነበር። ፊት ለፊታቸው ላይ ረጅም ዘንግ ተክለው እየተወዛወዘ የሚሄዱ የእርዳታ መኪኖች ካያችሁ፣ ዘንጉ የእሱ አንቴና ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሚሞላውን የሰማይ ንጣፍ መትቶ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። ቀን ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ፣ ማታ ዝቅ ያለውን መምረጥ ብቻ ነው፤ ካልመረጥክ የሚሰማህ የዝናብ ዓይነት ጩኸት ነው። በእኛ ቤት «ሬዲዮ» ማለት ይኸው ነበር። «በሬዲዮ ጥራው» ስል ዘፈን የሚከፍትልኝ ሰው አልነበረም።

ግንቦት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ካርቶን መጣ። ወረቀቱ ላይ «የሳተላይት ሬዲዮ፣ ብዛት 1» ይላል። ሞዴል 19 ተቆረጠለት፣ ንብረት ክፍል ገባ፣ ቁጥር ተለጠፈበት። ከካርቶኑ ጋር ለእኔ የተጻፈች ደብዳቤም አለች፦ በገጠር መንገድ ላይ ሞክራችሁ ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ አስተያየት ላኩ፤ ከጠቀመ ለሌሎቹም ቅርንጫፎች እንገዛለን።

ዕቃው ወርልድስፔስ የሚባለው ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቋቋመው ኩባንያ ነው፤ አፍሪስታር የተባለች ሳተላይቱን ጥቅምት 1991 ዓ.ም. አምጥቆ ለአፍሪካ ከሰማይ ሬዲዮ ያሠራጭ ነበር። «የእኛው ልጅ ነው» ተብሎ ገና ሳይከፈት ተወደደ። ጥበቃው ሳይቀር መጥቶ ዳሰሰው።

ሾፌሮቹ ለምን እንደጓጉ ይገባኛል። ኤፍ ኤም ከከተማ ወጥተህ ሁለት ኮረብታ ሳትሻገር ይጠፋል። አጭር ሞገድ አለ፤ ማታ ማታ ዶቼ ቬለንና የአሜሪካ ድምፅን ለመስማት ጆሮ ተለጥፎ ይታደራል፣ ግን ያፏጫል፣ ይሄዳል ይመጣል። ብቻውን አሥር ሰዓት መሪ ይዞ ለሚውል ሰው የሰው ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። ከሾፌሮቻችን አንጋፋው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ እንቅልፍ ሲመጣባቸው ሽለላ ያወርዱ ነበር። አብሯቸው የተጓዘ ሁሉ ያውቃል፤ ድምፃቸው ለሽለላ የተፈጠረ አልነበረም።

ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ጠፍጣፋ አንቴናውን ወደ ሳተላይቷ ማዞር ያስፈልጋል። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ነበር የቆመችው፤ እኛ 37ን አልፈን ነን። ስለዚህ ከማርቆስ ሆኖ ለሚያይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጋደል ብላ፣ ከአናት ብዙም ሳትርቅ ነው። በመጋቢት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ የምትሆንበትን ቦታ አስቡ፣ እዚያ ግድም ናት። ሲይዝ ታዲያ ወገኛ ነው! ማፏጨት የለ፣ መንሾካሾክ የለ፤ የዜና አንባቢው ትንፋሽ ይሰማል።

መኪና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ክሩስኮት ላይ ስናስቀምጠው ዝም አለ፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ሰማዩን ሸፍኖበታል። አንቴናውን ፖርቶ መጋላው ላይ አሰርን። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይዘፍናል፤ መንገዱ ሲታጠፍ አንቴናውም አብሮ ይታጠፍና ይቋረጣል። የጎጃምን የገጠር መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ከዘፈኑ ስንት ስንኝ እንደሚሰማ ይገምት። ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ጭራሽ የለም። ያስደነቀኝ ዓባይ በረሃ ነው። ድልድዩ አጠገብ አቁመን ከፈትነው፤ ኤፍ ኤሙ ድራሹ በጠፋበት ገደል ውስጥ ይኼ ኩልል ብሎ ይሰማል። ሳተላይቷ ከአናት በላይ ስለሆነች የገደሉ ግድግዳ አልጋረዳትም። በዚያች ደስታ ተነሥቼ ሁለት ገጽ አስተያየት ጻፍኩ። «ለርቀት ጉዞ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል» ይላል። ቅጂው አለኝ። አሁን ሳነበው፣ መኪናው ገጠር ላይ ምን እንደሚቸግረው የሚጠይቅ አንድ መስመር የለበትም። ስለ ድምፅ ጥራት ግን ሦስት አንቀጽ አለው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የቁጥር ሁለት መኪና ኮዳን ዝም አለ። የአንቴናው ገመድ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተበጥሷል። ባለሙያ ይመጣል ተባለ፣ ክረምት ነው ተባለ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ተጨመረ። እኔም በበኩሌ «ለጊዜው ይካካስ» ብዬ የሳተላይት ሬዲዮውን ለቁጥር ሁለት ሰጠሁ። ምኑን በምን እንዳካካስኩት እንጃ።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋሼና ሲስተር ክትባት ይዘው ወደ ድጎ ጽዮን ሊወጡ ቅጹን ይዘው መጡ። ጋሼ «ሬዲዮ» ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አቆሙ።

«ይኼን ምን ልበለው?»

«አለ ይበሉት ጋሼ፤ ሳተላይት ሬዲዮ አለ አይደል?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «አለ» የሚለው ላይ የራይት ምልክት አደረጉ። እኔ ፈረምኩ። ማኅተምም መታሁበት፤ ማኅተም አያስፈልገውም ነበር።

ሲመለሱ ጮቄ ላይ ጉም ወረደባቸው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው፤ ነሐሴ ላይ የፊትህን አምስት እርምጃ ካየህ ዕድለኛ ነህ። የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ቦይ ገባ። በአራቱም ጎማ ቢሞከር፣ በአካፋ ቢቆፈር፣ ድንጋይ ቢነጠፍ መኪናው ሆዱ መሬት ነክቶ ተኛ። መሸ።

እኔ ማርቆስ ላይ 11 ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ ማይኩን አንሥቼ «ቤዝ ለሞባይል ሁለት፣ ቤዝ ለሞባይል ሁለት» ማለት ጀመርኩ። ሦስቴ ጠራሁ። በሦስተኛው ላይ ነው የምጠራው ነገር ከሰኔ ጀምሮ ሞቶ እንደቆየ የታወሰኝ። እጄ ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ኃላፊዬ ገብቶ «የት ደረሱ?» አለኝ።

«ጮቄ ላይ ናቸው።»

«ጮቄ የቱ ጋ?»

መልስ አልነበረኝም። ፋይሉን አወጣሁ። ሬዲዮ፦ አለ። የእኔ ፊርማ፣ የእኔ ማኅተም።

በዚያ ጉም ሌሊት ሌላ መኪና መላክ ሁለተኛ መኪና ቦይ መክተት ነበር፤ እስኪነጋ ተባለ። ወንበር ላይ አደርኩ።

እነሱ ደግሞ፣ በኋላ ሲስተር እንደነገረችኝ፣ ጋቢና ውስጥ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጋሼ ሬዲዮውን አውጥተው ኮፈኑ ላይ አኖሩት፣ ላስቲክ አለበሱት፣ አንቴናውን በግምት ወደ ደቡብ ምዕራብ አዞሩት። ጣጣ የለም፣ ያዘ። ቢቢሲ ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ ያወራል። ጎርፉ የደረሰው ሐምሌ 30 ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሲስተር እየሰማች ለጋሼ ትተረጉማለች። እንግዲህ አስቡት፦ የድሬዳዋ ወሬ ለንደን ደርሶ፣ ከለንደን ሰማይ ወጥቶ፣ ጮቄ አናት ላይ ጉም ውስጥ ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች እየደረሰ ነው። የእነሱ ወሬ ግን እዚያው ከተራራው ግርጌ ላለነው ለእኛ አልደረሰም።

ድምፁን ሰምቶ አንድ ገበሬ መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፈረሱን እየሳበ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ መኪናውን ዞሮ አየ፣ ኮፈኑ ላይ ያለውን ዕቃ አየ።

«ይኼ የሚለፈልፈው ከየት ነው?»

«ከለንደን ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ለንደንን ያህል አገር የሚያመጣ፣ ማርቆስን አይጠራም?»

ጋሼ «አይጠራም» አሉት። ገበሬው ራሱን ነቅንቆ «እንግዲያው ጻፉልኝ» አለ። ሲስተር ከክትባት መዝገቧ አንድ ቅጠል ቀደደችና በባትሪ ብርሃን ጻፈች። ሰውየው ሌሊቱን ቤቱ ወስዶ ድንች ቀቅሎ አበላቸው፤ ወፍ ሲንጫጫ ወረቀቷን ጨብጦ በፈረስ ረቡዕ ገበያ ወረደ፣ እዚያ ለአንድ አይሱዙ ሾፌር ሰጠለት። ከጧቱ 3 ሰዓት ሳይሆን አይሱዙው በራችን ላይ ጡሩምባ ነፋ። ወረቀቷ አራት ቦታ ተጣጥፋ፣ የፈረስ ላብ ሸታ፦ «ከረቡዕ ገበያ አልፎ ጮቄ አፋፍ ላይ ቦይ ገብተናል። ደህና ነን። ረጅም ገመድ አምጡ።»

በቁጥር አንድ ሄድን፤ እኩለ ቀን ላይ ጎትተን አወጣናቸው። ክትባቱ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ለክትባት ጮቄን የመሰለ ማደሪያ የለም። ጋሼን እንዴት ብዬ ቀና ብዬ እንደማያቸው ጨንቆኝ ነበር።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ለንደንም ደህና ናት፤ ሌሊቱን ስሰማት ነው ያመሸሁት።»

ከዚያ ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

የኮዳኑ አንቴና ገመድ በሳምንቱ ተሠራ። ባለሙያው ሲመጣ የፈጀው ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም፤ እኔ የጠበቅኩት ከወር በላይ ነው። ቅጹንም እንደገና ጻፍኩት። «ሬዲዮ» የሚለውን ሰርዤ «ከቤዝ ጋር ተነጋግሯል» የሚል አስገባሁ፤ ከጎኑ «አለ» ሳይሆን ሰዓት የሚሞላበት ባዶ ቦታ። ሾፌሩ ከግቢ ሳይወጣ ይጠራል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ለዋናው መሥሪያ ቤትም ሁለተኛ አስተያየት ላክሁ። አጭር ነው፦ የሚናገረው ሬዲዮ በሦስቱም መኪኖች እስኪሟላ የሚሰማው እንዳይገዛ።

ሬዲዮውን ግን አልጠላሁትም። ኮዳኑ ከተሠራ በኋላ ጋሼ እንደገና ይዘውት ይወጡ ነበር፤ ሲያድሩ ከፍተው ሙዚቃ ያዳምጣሉ፤ ሽለላውም ቀነሰልን። በኋላ የአገልግሎት ክፍያው ጊዜ አለፈ። በየትኛው በጀት ርዕስ እንደሚከፈል ሲከራከሩ ከረሙ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ላይ ኩባንያው ራሱ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ሥርጭቱ ሲቆም የእኛው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለኝ። እሱ ሲሪየስ ኤክስ ኤምን ሲያወድስ አይጠግብም፤ በበረሃው መሐል ቀን ሙሉ ቢነዳ አንድ ጣቢያ አይቋረጥበትም። እውነቱን ነው፤ እዚያ አንቴናው ለሚሄድ መኪና ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከተማ ውስጥም ምድር ላይ የተተከሉ ማገዣ ማሠራጫዎች አሉ። ስልኩም አብሮት ስላለ ሬዲዮው ማጫወቻ ብቻ ቢሆን አይጎዳውም። «አንድ ልላክልህ» ሲለኝ ተው አልኩት፤ የዚያ አገር ሳተላይቶች የሚያሠራጩት ለሰሜን አሜሪካ ነው፣ እዚህ ጎጃም ላይ ቢከፈት ግንድ ነው። እሱ ግን አላመነኝም፤ ላከው። እሱም መደርደሪያ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ስምሪት ክፍሉን የተረከበኝ ልጅ የግዢ መጠየቂያ ይዞ ምክር ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ስምንተኛው ተራ ላይ «የሳተላይት ሬዲዮ፣ ብዛት 3» ብሎ ሞልቷል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ መነጽሬን አወለቅሁ።

«ለመስማት ነው ለመናገር?»

ትንሽ አሰበና «ለሁለቱም፣ ጋሼ» አለኝ።

«እንግዲያው ሁለት ተራ አድርገህ ጻፈው። የሚናገረው ሳተላይት ስልክ ይባላል፣ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከእሱ ጀምር።»

እስክሪብቶ ለመነኝና እዚያው ቁጭ ብሎ ስምንትን ሰርዞ እንደገና መጻፍ ጀመረ።