ስታቲስቲክስ መርጬ ኢንጂነሪንግ የተመደብኩበት የኮሮና ዘመን

የ2012 ባች ፍሬሽ ነበርኩ። የፍሬሽማን ዓመት እንደገና የተጀመረው በኛ ነው። ስለዚህ "የዲፓርትመንት ምርጫ እንዴት ነው የሚሞላው?" ብለን የምንጠይቀው ሲኒየር አልነበረም። እነሱ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ ላይ ኮሮና መጣ። ያኔ አንድ ሰው አሁን የምነግራችሁን ነግሮኝ ቢሆን ስንት ንዴት በቀረልኝ።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ወሩ ሳያልቅ ሻንጣችንን ይዘን ቤት ገባን። "በርቀት ተማሩ" ማለት ለኛ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቅ ፒዲኤፍ ነበር። ካርድ ሞልተሽ ታወርጃለሽ፣ በቃ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲዘጋ እሱም ለሦስት ሳምንት ያህል ቀረ።

ቤት ውስጥ ምርጫዬን ሁሉም ጨርሶልኝ ነበር። እማዬ ጤና ትላለች፣ አጎቴ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ይላል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ የሚለጥፉትን የዕለቱን ቁጥር ደብተር ላይ መገልበጥ ለመደብኝ። ሰፈሩ የሚያወራው ስንት ሰው እንደተያዘ ነው። እኔን የሳበኝ ከጎኑ ያለው ቁጥር ነበር፤ ስንት ሰው ተመረመረ? ነሐሴ ላይ የምርመራ ዘመቻው ሲጀመር በቀን የሚያዘው ሰው ከሺህ ማለፍ ጀመረ። ጎረቤት ሁሉ "አለቀልን" አለ። ግን የሚመረመረውም በጣም ጨምሮ ነበር። የተያዘውን ለተመረመረው አካፍዬ ሳየው፣ በወሬው ልክ የሚያስደነግጥ ዝላይ አልነበረም። እማዬን ቁጭ አድርጌ ላስረዳት ሞከርኩ። "አንቺ ብቻ እጅሽን ታጠቢ" አለችኝ።

የፈለግኩት ነገር ስታቲስቲክስ የሚባል ዲፓርትመንት እንዳለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ማድረግ ያለባችሁ ይኼ ነው፦ የዲፓርትመንቱን ስም እርሱት። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችን ዝርዝር ከተማሪ አስልኩ። ከነሱ ከባዱን መርጣችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡ። እኔ ፕሮባቢሊቲ ከፈትኩ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን በማግስቱ ተመልሼ ከፈትኩት። የፊዚዮሎጂው ፒዲኤፍ ግን ሁለተኛ ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ቤት መዋል ለዚህ ጠቀመኝ ብል አላጋነንኩም፤ ግቢ ብሆን የዶርም ልጆች የሞሉትን ነበር የምሞላው።

በ2013 ተመለስን። ሁለተኛው ሴሚስተር በጥድፊያ አለቀ። ፎርሙ መጣ።

እኛ ግቢ ምርጫው ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ስትሪም፣ ማለትም ሰፊውን የትምህርት ዘርፍ ትመርጫለሽ፤ ኢንጂነሪንግ፣ ጤና፣ ወይም ናቹራልና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ። ዲፓርትመንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስታቲስቲክስ ያለው ሦስተኛው ውስጥ ስለሆነ እሱን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። ገለጻ ያደረጉልን ሰውዬ "ውጤታችሁ የሚፈቅደውን ትልቁን ከላይ አድርጉ" ብለው ነበር። አልሰማኋቸውም፤ ዛሬም ቢሆን አልሰማቸውም። ትልቅና ትንሽ ማን ለካው?

ዝርዝሩ ሲለጠፍ የኔ መታወቂያ ቁጥር ኢንጂነሪንግ ሥር ተገኘ።

ሬጅስትራር ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየችና በኩራት ነገረችኝ። "ውጤትሽ ጥሩ ነው። ተሳስተሽ የሞላሽ መስሎን አስተካከልንልሽ።" አስተካከልንልሽ! ሳይጠይቁኝ! ስልክ ቁጥሬ ፎርሙ ላይ አለ።

"እኔ አልተሳሳትኩም፣ ወደ ነበረበት ይመልሱልኝ" አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው እዚህ ለመግባት ያለቅሳል፣ አንቺ ለመውጣት?"

ከዚያ በኋላ ያለው ምልልስ ነው። ሬጅስትራር "ዲኑን ጠይቂ" ይላል። የዲኑ ጸሐፊ "ሬጅስትራር የላከው ዝርዝር አይነካም" ትላለች። ማስረጃ አምጪ ሲሉኝ "የሞላሁት ፎርም እናንተ ጋ ነው" እላለሁ። "ፎርሙ ታሽጓል" ይሉኛል። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሊያልቅ ተቃርቧል። የሴክሽን ተወካያችን "ቅሬታ በኔ በኩል ነው የሚሄደው፣ መመሪያ ነው" ብሎ ማመልከቻዬን ወሰደ። እስካሁን የት እንዳደረሰው አይታወቅም። መመሪያው ምንም ይበል፣ ማመልከቻችሁን ራሳችሁ ውሰዱ። ኮፒው ላይ "ደርሶናል" አስብላችሁ አስፈርሙ፣ ቀን አስጽፉ። ፎርሙን ደግሞ ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ይህን የምለው በንዴት ነው፣ ግን እውነት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከቢሮ አልነበረም። ካፌ ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ ናቹራል ደርሶት ሲያማርር ሰማሁ። ኢንጂነሪንግ ፈልጎ በጥቂት ነጥብ አምልጦት ነበር። ሁለታችንም ፈርመን የልውውጥ ጥያቄ አስገባን። ያ "አይነካም" የተባለ ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ተነካ። ራሳቸው ያበላሹትን ለማረም ሕግ የላቸውም፣ ለልውውጥ ግን አላቸው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "በቢሮው ስህተት" ብዬ ብጽፍ ሰርዘው "በተማሪዋ ጥያቄ" እንድል አደረጉኝ። ፋይሌ ላይ እስከ ዛሬ የሚነበበው እሱ ነው።

ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ለገባችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደ እኔ በየቀኑ የኮሮና ቁጥር የምትተነትኑ እንዳይመስላችሁ። ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ነው የሚጠብቃችሁ። ሶፍትዌሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ላብ ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም ለሁሉም አይደርስም። አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ስለሆነ ክረምት ላይ ቤታችሁ ጀምሩት። ዘመድ "ተመርቀሽ ምን ትበያለሽ?" ሲል፣ ባንክ፣ የምርምር ተቋም፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በሉትና እለፉ። አጎቴ እስካሁን ሲቪል እንደምማር ነው የሚያወራው።